ከድንበሩ ወዲያ ያለው አረም

ሰፈሩ «ማሽኗ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ባሏ አይደለም፤ ባሏ ስም የሚያወጣ አፍ የለውም። ያወጣላት ወፍጮ ቤት የሚሠራ ጎረቤት ነው። በሙሽርነቷ ዓመት፣ ገና ሰው በቅጡ ሳያውቃት፣ ጎረቤት ተጋግዞ በቆሎ ሲያርም እሷም መኮትኮቻዋን ይዛ ተሰለፈች። ወንዶቹ ገና መሃል ሳይደርሱ የራሷን መስመር ጨርሳ፣ የአጠገቧን ሰው መስመርም አጋምሳ፣ ጥላ ስር ተቀምጣ ውሃ ስትጠጣ አገኟት። «ይቺስ ሰው አይደለችም፣ ነዳጅ የማትጠይቅ ማሽን ናት» አለ ባለወፍጮው። ከዚያ በኋላ እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያስታውስ ጠፋ።

እውነትም ማረም ይሆንላታል። ቤት ስትጠርግ ጥግ ጥጉን ትረሳለች፤ ልብስ ስታጥብ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው። አረም ላይ ግን ሌላ ሰው ናት። ወገቧን ጎንበስ አድርጋ፣ መኮትኮቻዋን ከመሬት ብዙም ሳታነሳ፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ ትሄዳለች፤ ከኋላዋ የሚቀረው መሬት የተበጠረ ይመስላል። ሰው ደክሞት ሲተኛ ደስ እንደሚለው እሷን ደስ የሚላት ያረመችውን ማሳ ቆማ ስታየው ነው።

ማሳው የባሏ አባት የተዉት ነው። ሽማግሌው ሲሞቱ ለሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ተከፈለ፤ ዳገቱን የያዘው ላይኛው ለታላቁ፣ ታችኛው ለታናሹ ለሷ ባል ደረሰ። መሃሉን የሚለየው ከመንገዱ እስከ ጅረቱ የተደረደረ ድንጋይ ነው። ታላቁ ወንድም ከተማ ገብቶ ሚስማር፣ ቆርቆሮና ቀለም የሚሸጥበት ሱቅ ከፍቷል። ሰፈሩ ባለሱቁ ይለዋል፤ ወንድሙና እሷ ደግሞ ጋሼ ይሉታል። መጀመሪያ ላይ መሬቱን ለአንድ ሰው አከራይቶ ነበር። ሰውዬው ሁለት ሦስት ጊዜ ካረሰ በኋላ «የኔ ነው» ብሎ ቁጭ አለ። ጋሼ መሬቱን ያስመለሰው ከዓመታት የፍርድ ቤት ምልልስ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የፈራው ፍርሃት እስከዛሬ አልለቀቀውም፤ ከዚያ ወዲህ ማንም እንዲረግጥበት አይፈልግም። መሬቱም ጦሙን ያድራል።

ጦሙን ማደሩስ ባልከፋ። ግን መንገዱ ተሠራ።

ጠጠር የጫኑ ገልባጭ መኪኖች ከየት እንዳመጡት የሚያውቅ የለም። ብቻ አንድ ክረምት ጠጠሩ በተራገፈበት ቦታ ቅጠሉ እንደ ካሮት ቅጠል የተተለተለ፣ አበባው እንደ ደቃቅ ነጭ ዶቃ የሆነ ተክል በቀለ። ማሽኗ ራሷ መጀመሪያ ስታየው አልጠላችውም። እንዲያውም የሚያምር አረም ነው ብላ ለባሏ አሳይታው ነበር። ፍየሎቹ ግን አሽትተው አለፉት። ፍየል እምቢ ያለውን ነገር ያን ጊዜውኑ መጠርጠር እንደነበረባት ኋላ ደጋግማ ተናግራለች።

የግብርና ባለሙያው ቅንጨ አረም ነው የሚባለው አላቸው። የሰፈሩ ሰው ግን እሱ ከመምጣቱ በፊት የራሱን ስም ሰጥቶት ነበር፤ «ያልተጠራው» ይለዋል።

ያልተጠራው ከመንገዱ ዳር ተነስቶ የሚያርሰው የሌለውን የጋሼን መሬት አገኘ። በተከታዩ ክረምት ዳገቱ ነጭ አበባ ለብሶ ከሩቅ ሲታይ የታጠበ አንሶላ የተሰጣበት ይመስል ነበር። አበባው ሲደርቅ ዘሩ እንደ ትቢያ ይረግፋል። ነፋሱ የሚነፍሰው ወደ ታች ነው፤ ጎርፉም የሚወርደው ወደ ታች ነው። ከታች ያለው ደግሞ የማሽኗ በቆሎና ባቄላ ነው።

እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ ነቀለችው። ነቅላ ጨርሳ ቀና ስትል ማሳው ንጹሕ ነበር። ዝናብ ዘነበና ከቀናት በኋላ ብትመለስ እንደ ተላጨ ጸጉር ከየቦታው ብቅ ብሏል። ደግማ ነቀለች። ደግሞ በቀለ። ሌላ አረም ቢሆን ታውቃለች፤ አንዴ ካረሙት በኋላ በቆሎው አድጎ ጥላ ይጥልበትና ያቀጭጨዋል። ይሄኛው ጥላም አይገደው፣ ድርቅም አይገደው። በቆሎው ከጉልበቷ ሳያልፍ ቢጫ ሆነ። ባቄላው አበባ ይዞ ፍሬ ሳይቋጥር ቀረ። በዚያ ዓመት የሰበሰቡት እህል ጎተራውን ግማሽ እንኳ አልሞላም፤ ባሏ ጎተራውን ጎንበስ ብሎ አየና ክዳኑን መልሶ ሄደ። ማሽኗ ተከተለችው።

«ተናገር እንጂ» አለችው።

«ምን ልበል?»

«ለወንድምህ ንገረው። መሬትህን አሳርም፣ ካልሆነም እኛ እንረምልህ በለው።»

«እሺ፣ እነግረዋለሁ።»

ከተማ በወጣ ቁጥር እነግረዋለሁ ብሎ ይሄዳል። ሲመለስ የወንድሙን ልጆች ጤንነት፣ የቆርቆሮ ዋጋ መወደዱን፣ የሱቁ በር በሰማያዊ ቀለም መቀባቱን ሁሉ ያወራል። «የአረሙንስ?» ስትለው ጫማውን እያወለቀ «አልተመቸኝም» ይላታል። ባሏ ክፉ ሰው አይደለም። ሠራተኛ ነው፣ ሚስቱን ይወዳል፣ እጁን ለዱላ አንስቶ አያውቅም። ታላቅ ወንድሙ ፊት ሲቀርብ ግን ምላሱ ይተሳሰራል። አባታቸው ከሞቱ ጀምሮ ያሳደገው እሱ ነውና ቀና ብሎ አያየውም። ይሄንን ማሽኗም ታውቃለች። ማወቋ ግን ንዴቷን አልቀነሰላትም፤ እንዲያውም የምትናደድበት ሰው አሳጣት።

ቀጥሎ ወተቱ መጣ። አንድ ላም አለቻት፤ ወተቷን መንገዱ ዳር ላለችው ባለሻይ ቤት ነው የምታስረክበው። ባለሻይ ቤቷ የዓመታት ደንበኛዋ ብቻ ሳትሆን ወዳጇም ናት፤ ጀሪካኑን ተቀብላ እስክትገለብጠው ድረስ የሰፈሩን ወሬ ተለዋውጠው ይጨርሳሉ። አንድ ቀን ጠዋት ግን ጀሪካኑን አልተቀበለቻትም።

«እስቲ ቁጭ በይ» አለቻትና ትናንት ካፈላችው ሻይ በወተት ላይ በብርጭቆ ቀድታ ሰጠቻት። «ቅመሽው።»

ማሽኗ ቀመሰችው። ኋላ ላይ የሚመር፣ ጉሮሮ የሚይዝ ነገር አለው።

«መድኃኒት ጨምረሽበታል?»

«ምንም አልጨመርኩም። ደንበኞቼ አንድ ፉት ይሉና ይተዉታል። ትናንት አንዱ ሾፌር ብርጭቆውን በበረኪና ነው ያጠባችሁት ወይ አለኝ። እኔ የሻዩ ቅጠል ነው ብዬ ቀየርኩ። ስኳሩን ቀየርኩ። ከሰዓት በኋላ ወተቱን ብቻውን ቀመስኩት።» ዐይኗን መሬት ላይ ተከለች። «አልዋሽሽም፣ ከሌላ ሰው መውሰድ ጀምሬያለሁ። ላምሽ ሲሻላት ትመለሻለሽ።»

ላሟ አልታመመችም። በድንበሩ ዳር ስትግጥ ሣሩ አልቆባት ያልተጠራውን እየቀላቀለች መብላት ጀምራ ነው። ማሽኗ ጀሪካኑን ይዛ ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱ አላልቅ አላት። ሰው ሰላም ሲላት ጀሪካኑን ወደ ሌላ እጇ እያዛወረች በቀሚሷ ትሸፍነዋለች፤ ሙሉ ጀሪካን ይዞ ከሻይ ቤት መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ላሟን ጓሮ አስራ ሣር ከጅረቱ ማዶ እያጨደች ታመጣላት ጀመር። በአንድ ሥራ ላይ ሌላ ሥራ ተደረበባት።

በመጨረሻ የተነካው እጇ ነው። መጀመሪያ ጣቶቿ መሃል አሳከካት፤ ቀጥሎ ክንዷ ቀላ፣ ኋላ ዐይኗ ሥር ሳይቀር አበጠ። ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ እጇን አገላብጣ አየችና የቅባት ቱቦ ሰጠቻት።

«ይሄ አረም ነው ያመጣብሽ። ብዙ ሰው እየመጣ ነው። እንዳትነኪው፣ እሺ? ሥራሽ ምንድን ነው?»

«አረም ማረም።»

ነርሷ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው አፏን ይዛ «ይቅርታ» አለች። «እንግዲህ ሌላ ሰው ያርምልሽ።»

ማሽኗ አልሳቀችም። ከበሩ ወጥታ ደረጃው ላይ ቆመችና እጆቿን አየቻቸው። ሌላ ሰው ያርምልሽ። ሰው «ሌላ ሰው ይተንፍስልሽ» ያላት ያህል ነው የተሰማት።

የግብርና ባለሙያው ወጣት ልጅ ነው፤ ትሑት፣ ሲናገር ሰው የማያንኳስስ። መጥቶ ማሳውን ዞሮ አየ። «እናቴ፣ የሚያደርጉት ሁሉ ትክክል ነው» አላት። «ግን ያኛው መሬት እንዲህ እስካለ ድረስ ድካምዎን ውሃ ይበላዋል። ሳያብብ ነው መነቀል ያለበት። ባለቤቱን ያነጋግሩ።»

«እርስዎ አያነጋግሩትም?» አለችው።

«ሁለት ጊዜ ሱቁ ሄጃለሁ። አስብበታለሁ ይለኛል።»

እንግዲህ የቀረችው እሷ ናት። ለባሏ ሳትነግረው አንድ ጠዋት ንጹሕ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ከተማ ወጣች። ጋሼ ሱቁ ውስጥ ለአንድ አናጢ ሚስማር እየመዘነ ነበር። ሲያያት ደስ አለው፤ የደንበኞቹን ወንበር አስጠጋላት፣ ለስላሳ አስመጣላት፣ የወንድሙን ጤንነት ጠየቃት። ሰው አክባሪነቱን ማንም አይነፍገውም። አናጢው እስኪወጣ ጠበቀችና ጀመረች።

«ጋሼ፣ የመጣሁት ስለ አረሙ ነው። ላይኛው ማሳ ላይ ያለው አረም እኛን እያጠፋን ነው። በቆሎው ቀጨጨ። ወተት የሚገዛኝ ጠፋ። እጄን ይዩት።»

እጇን አየ። ፊቱ ላይ እውነተኛ ሐዘን ታየበት። «አይዞሽ። ሐኪም አየሽ?»

«አየኝ። ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝና ሳያብብ ልንቀለው።»

ሚዛኑ ላይ የቀረችውን ሚስማር አንስቶ ወደ ሣጥኑ ወረወራት። «እህቴ፣ አንቺን አላማሁም። ግን እኔ ይሄን ነገር አይቼዋለሁ። ዛሬ መንቀል ነው፤ ነገ ባዶ መሬት ዝም ብሎ ከሚያድር ትንሽ ባቄላ ጣል እናድርግበት ይባላል፤ ከነገ ወዲያ ስንት ዓመት ያረምኩት መሬት ይባላል።»

«እኛ ነን እንዲህ የምንለው? ወንድምዎ?»

«ያኛው ተከራይም ወዳጄ ነበር።»

«እንግዲያው እርስዎ ሰው ቀጥረው ያሳርሙት።»

«እሱም አለ» አለ ጋሼ። «እሺ፣ አስብበታለሁ። ለስላሳሽን ጠጪ እንጂ።»

ለስላሳውን አልጠጣችውም። መንገድ ላይ ግን እንዳልጠጣችው ትዝ ብሏት የባሰ ተናደደች፤ ውሃ ጠምቷት ነበር።

ክረምቱ ገባ። ያልተጠራው በጋሼ መሬት ላይ ወገብ ደረሰ፤ ጫፍ ጫፉ ላይም ነጠብጣብ እምቡጥ ታየ። የተቀጠረ ሰው አልመጣም። አንድ ጠዋት ማሽኗ በእጆቿ ላይ የባሏን አሮጌ ካልሲ አጠለቀች፣ በላዩ ፌስታል ደርባ አንጓዋ ላይ በክር አሰረች፣ ሻሿን እስከ ዐይኗ ሥር አወረደች፤ ከዚያም ድንጋዩን ተሻግራ ከነፋሱ መምጫ በኩል መንቀል ጀመረች።

ባሏ ድንበሩ ላይ መጥቶ ቆመ። ስትነቅል ያያት ጀመር።

«ጋሼ ቢሰማስ?» አለ በመጨረሻ።

«ይስማ።»

«ያዝንብናል።»

«እኔስ? የኔ ማዘን አይቆጠርም?» ቀና አላለችም። «ወይ ግባ፣ ወይ ከፊቴ ዞር በል። ቆመህ አትየኝ።»

ዞር አለ። ሄደ ብላ ጥርሷን ነክሳ መንቀሏን ቀጠለች። ጥቂት ቆይቶ የማጭዱን ድምፅ ከጎኗ ሰማች። ሲያጭድ ከሥሩ አይነቅልም፤ አገዳውን ብቻ ነው የሚቆርጠው። «በእጅህ ንቀለው፣ ያቆጠቁጣል» አለችው። ማጭዱን ጣለና ጎንበስ አለ። እንዲህ አንገታቸውን ደፍተው እየሠሩ መሬቱን አጋመሱት፤ የተነቀለው በየቦታው ተከምሮ ይጠወልግ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን አንድ ፒክ አፕ መንገዱ ዳር ቆመ። ጋሼ ለምስክርነት ያመጣቸውን ሁለት አዛውንት አስከትሎ ወረደ። ማን እንደነገረው አይታወቅም፤ እዚህ ሰፈር ወሬ እግር አያጣም። ማሽኗ ፌስታል በታሰረባቸው እጆቿ ቆማ ጠበቀችው። ስንት ነገር ለማለት ተዘጋጅታለች። ሰውዬው ግን ክምሩንም አላየ፣ እሷንም አላየ። በቀጥታ ወደ ድንበሩ ሄዶ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እየነካ፣ አንዳንዱን በጫማው ጫፍ እየገፋ፣ ከላይ እስከ ታች ያያቸው ጀመር። በዚህ ሁሉ አረም መሃል ቆሞ ለእሱ የሚታየው ድንጋይ ብቻ ነው።  ልትናገር ስትል እንባዋ ቀደማት።

የተናገረው ባሏ ነው።

«ጋሼ» አለ፣ ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ዝግ ብሎ። «ድንጋዮቹን እያቸው። ስትጨርስ ና፣ አብረን እንንቀል።»

ጋሼ ቀና ብሎ ወንድሙን አየው። በዕድሜው እንዲህ ሲናገረው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ከአዛውንቱ አንዱ ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው። ድንጋዮቹ አልተነቃነቁም፤ ይሄን ጋሼም አየ። ትንሽ አፍሮ፣ ትንሽ ተቆጥቶ፣ በምስክሮቹ ፊት ቃሉን ሰጠ፤ አረሙን ይንቀሉ፣ ግን ዘር እንዳይዘሩ፣ ከብት እንዳያስሩ፣ ዛፍ እንዳይተክሉ።

«በነፃ ሠራተኛ ቀጠረ በለኛ» አለ አንደኛው አዛውንት ለጓደኛው፣ ማሽኗ እየሰማች።

እውነቱን ነው። ለሰው መሬት፣ ያለ ደመወዝ፣ እያሳከካት መሥራት መብት ሆኖ ተሰጣት። ተቀበለችው። ምን ምርጫ አላት?

በዚያ ዓመት በቆሎው ከቀደመው ተሻለ፤ ግን ጥሩ ነው የሚባል አይደለም፤ በመንገዱ ዳርና በጅረቱ አፋፍ ያለውን አረም የሚነቅል የለምና። የላሟም ወተት ጠራ። ባለሻይ ቤቷ ቀምሳ ደስ አላት፤ ነገር ግን ለአዲሱ አስረካቢም ቃል ገብታለችና ከሁለቱም እያፈራረቀች መውሰድ ጀመረች። የማሽኗ እጅ ግን አልዳነም። ቅባቱ ሲያልቅ ይመለስባታል፤ ሌሊት እንዳታከው በጨርቅ ጠቅልላ ትተኛለች።

በበጋው ጋሼ ሌላ መላ መጣለት። በሽቦና በእንጨት መሬቱን ዙሪያውን አሳጠረው፣ በር አበጀለት፣ በሩ ላይ ጓጉንቸር ሰቀለበት፣ ቁልፉን ይዞ ከተማ ገባ። «እናንተን ብዬ አይደለም» ብሎ ላከባቸው። «ለሌላ ሰው ነው።» ዝናቡ ሲጀምር ያልተጠራው ከአጥሩ ውስጥ በቀለ፤ ሽቦው ሥር እጅ በማይገባበት ቦታ ደግሞ ከሁሉም በላይ ጠነከረ። ማሽኗ ከሽቦው ውጪ ቆማ ሲያድግ ታየዋለች። በሽቦው ቀዳዳ እጇን እያስገባች የደረሰችበትን ትነቅላለች፤ ብዙውን ግን ዐይኗ ብቻ ነው የሚደርስበት። ለባሏ መጮህ ሰልችቷታል። አንድ ቀን ራሷ ከተማ ሄዳ ጋሼን አጣችው፤ ዕቃ ሊያመጣ ወጥቷል አሏት። ሌላ ቀን «ቁልፉን ቤት ረሳሁት፣ እልክላችኋለሁ» አላት። አልላከም።

አንድ ጠዋት ባሏ ሳይናገር ጫማውን አድርጎ ወጣ። አመሻሽ ላይ ተመለሰና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«እንዴት ሰጠህ?» አለችው።

«ሰጠኝ።»

«ምን ብለህ?»

«ምንም አላልኩም» አለና እግሩን ሊታጠብ ወጣ።

ከዚህ በላይ ከአፉ ማውጣት አልቻለችም። ነገሩን የሰማችው ከቀናት በኋላ ከባለሻይ ቤቷ ነው፤ እሷ ደግሞ ሱቁ ደጃፍ ሲጭን ከዋለ ሾፌር ነው የሰማችው። ባሏ ሱቁ እንደተከፈተ ገብቶ፣ ሰላም ብሎ፣ የደንበኞቹ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጋሼ «ምን ፈልገህ ነው?» ሲለው «ቁልፍ» አለ። «ነገ» ቢለው ዝም። «ሥራ ይዣለሁ» ቢለው ዝም። ደንበኛ ይገባል፣ ይወጣል፤ እሱ ጉልበቱ ላይ እጁን አጋድሞ ተቀምጧል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ አልተነሳም። ደንበኞቹ «ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» እያሉ መጠየቅ ጀመሩ። ሱቁ ሊዘጋ ሲል ጋሼ መሳቢያውን ከፍቶ ቁልፉን እጁ ላይ አኖረለት።

ማሽኗ ይሄን ስትሰማ ደስ ልትሰኝ ይገባት ነበር። ደስም አላት፤ ግን ወዲያው «ይሄን ማድረግ እየቻለ ይሄን ሁሉ ዓመት የት ነበር?» የሚል ንዴት መጣባት። ማታ ልትጠይቀው አስባ ተኝቶ አገኘችው፤ ተወችው።

ቁልፉ የመጣው ግን ዘግይቶ ነው። በማግስቱ በሩን ከፍተው ሲገቡ አበባው ፈክቶ ካለቀ ቆይቷል። አንዱን አገዳ ያዝ ስታደርገው ዘሩ እንደ ዱቄት እጅጌዋ ላይ ረገፈ። የዚህ ዓመት ዘር አምልጧቸዋል። ባሏ ፊቷን አየ፤ ከዚያ መሬቱን አየ።

«እንመለስ?» አላት።

የግብርና ባለሙያው የሰጣትን ጓንት አጠለቀች። ለወንድ እጅ የተሠራ ነው፣ ጣቶቹ ጫፍ ላይ ባዶ ሆነው ይወዛወዛሉ።

«ያልረገፈም አለ» አለች። «አንተ በዚያ በኩል ጀምር። ከሥሩ ንቀለው ደግሞ፣ አታጭደው።»